ፍሪትስ የሚባል ሰው እዚህ አይኖርም

ጀርመን አገር በገባሁ በመጀመሪያው የብርድ ወራት፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ኢንተርኔቱ ድንገት ተቋረጠና ሦስት ቀን ሙሉ ሳይመለስ ቀረ። ወደ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሰው የሚናገረው ጀርመንኛ ከቋንቋ መምህሬ ጀርመንኛ ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም ነበር፤ ሆኖም በጥያቄው መካከል «ፍሪትስ» የሚለው ቃል ጥርት ብሎ ስለተሰማኝ፣ ፍሪትስ አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ መሰለኝ። «ፍሪትስ የሚባል ሰው እዚህ አይኖርም፤ የምኖረው ብቻዬን ነው» ብዬ በትሕትና መለስኩለት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ሳቁን እንደ ምንም እየዋጠ፣ ከግድግዳው ሥር መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይና ብርማ ሣጥን እንዳለች እንድመለከት ለመነኝ። ኢንተርኔቱን ለቤቱ የምታከፋፍለው ሣጥን አለች፤ ላይዋም ላይ «ፍሪትስ ቦክስ» የሚል ተጽፎባታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ስም ይከተለኛል። ፍራንክፈርት ውስጥ ዛሬ በምኖርበት ሕንፃ ስልኬን ከፍቼ በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ መስመሮች ስመለከት ከላይ እስከ ታች ፍሪትስ፣ ፍሪትስ፣ ፍሪትስ ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ኪዮስክ የሁለት ወንዶች ፊት የታተመበት ፍሪትስ ኮላ ይሸጣል። የበርሊንና የብራንደንቡርግ ወጣቶች የሚያዳምጡት የሬዲዮ ጣቢያም ከ1993 ጀምሮ ስሙ ፍሪትስ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በአካል ያወቅሁት ፍሪትስ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት፣ በ1938 የተወለዱት ጎረቤቴ ናቸው። ሣጥኑ፣ ጠርሙሱና ሬዲዮው ሁሉ ፍሪትስ በሆነበት አገር ፍሪትስ የሚባል ሰው እንዲህ ብርቅ የሆነው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነው ነገሩን እንድከታተል ያደረገኝ።

ፍሪትስ በእኛ አነጋገር የቁልምጫ ስም ነው። ሙሉ ስሙ ፍሪድሪሽ ሲሆን የተገጣጠመውም ከሁለት ጥንታዊ የጀርመንኛ ቃላት ነው፤ የመጀመሪያው ሰላም ማለት ነው፣ ሁለተኛው ኃያል ወይም ገዥ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው የማንኛውንም ስም ፍቺ መጠየቁ አይቀርምና፣ እኔም ጀርመናውያንን የስማቸውን ትርጉም መጠየቅ ልማዴ ነው። አብዛኞቹ ግራ ይጋባሉ። «ፍሪደ» የሚለው ቃል ዛሬም በቋንቋቸው ሰላም ማለት ቢሆንም፣ ፍሪድሪሽ ብሎ ሲጣራ ሰላም ትዝ የሚለው ሰው አላጋጠመኝም።

የጥንቱ የጀርመን ቁልምጫ የስሙን ፊት ያስቀርና ከጭራው «ትስ» የሚል ድምፅ ያስርበታል። ሃይንሪሽ ሃይንትስ፣ ኮንራድ ኩንትስ፣ ሉድቪሽ ሉትስ ይባላል፤ እኛ ጌታቸውን ጌች፣ ተስፋዬን ተስፍሽ፣ ብርሃኑን ብሬ እንደምንለው መሆኑ ነው። (በአማርኛ ብዙ ጊዜ ፍሪትዝ ተብሎ የሚጻፈውን ስም ፍሪትስ ማለቴ ጆሮዬን ተከትዬ ነው። «ፍሪጽ» ብዬ ብጽፈው ፊደል በቆጠብኩ ነበር፤ ነገር ግን የእኛ «ጽ» ከጉሮሮ ታፍኖ የሚፈነዳ ድምፅ ስለሆነ ጎረቤቴ ሲሰሙት የተቆጣኋቸው ይመስላቸዋል።) ሃይንሪሽና ኮንራድ የሚባሉ ነገሥታት በመካከለኛው ዘመን ስለበዙና ሕዝቡም ልጆቹን በእነሱ ስም ስለሰየመ፣ ዛሬም ጀርመኖች «ሂንትስና ኩንትስ» ሲሉ ማንም ያገኘ ሰው፣ አበበም ከበደም ማለታቸው ነው። የንጉሥ ስም ወደ መንደር ሲወርድ መጀመሪያ ይቆላመጣል፤ ቀጥሎ ይረክሳል። ፍሪትስም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ጉዞ ከሁለቱ የረዘመና የተጠማዘዘ መሆኑ ነው።

ስሙን ከፍ ያደረጉት የቀድሞዋ የጀርመኖች መንግሥት፣ የፕሩሲያ ነገሥታት ናቸው። ከ1701 እስከ 1861 በዚያ ዙፋን ላይ የተቀመጡት 6 ነገሥታት በሙሉ ፍሪድሪሽ ወይም ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ይባሉ ነበር። ከእነዚህ መካከል ከ1740 እስከ 1786 የነገሡት፣ እኛ ታላቁ ፍሬድሪክ የምንላቸው ፍሪድሪሽ 2ኛ፣ በሕዝባቸው አፍ «ሽማግሌው ፍሪትስ» ሆነው ቀሩ። ንጉሡ ራሳቸው ከጀርመንኛ ይልቅ ፈረንሳይኛን የሚመርጡ፣ በደብዳቤያቸው ግርጌ «ፌደሪክ» ብለው የሚፈርሙ ሰው ስለነበሩ፣ ይህ ስም ከቤተ መንግሥት የወጣ ሳይሆን ከታች የተሰጣቸው ነው። በጦር ሜዳ ከወታደሩ ጋር የዋሉ፣ በስተርጅና ትንባሆ የተንጠባጠበበት አሮጌ የደንብ ልብስ ለብሰው የሚዞሩ ንጉሥ ነበሩና፣ ሕዝቡ የቁልምጫ ስም ሲያወጣላቸው እንደ ድፍረት አልተቆጠረበትም። እኛም ንጉሥን በሌላ ስም የመጥራት ባህል አለን፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም ግን ባለቤቱን ከፍ አድርጎ ኮርቻ ላይ ያስቀምጠዋል። «ሽማግሌው ፍሪትስ» ደግሞ ንጉሡን ከፈረሱ አውርዶ ከምድጃው ዳር ያስቀምጣቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፖትስዳም ሄጄ በሳንሱሲ ቤተ መንግሥት መቃብራቸውን አየሁ። ከሚወዷቸው ውሾች አጠገብ እንዲቀበሩ የተናዘዙት ንጉሥ ፈቃዳቸው የተፈጸመላቸው በሞቱ በ205ኛው ዓመት፣ በነሐሴ 1991 ነው። በመካከሉ አፅማቸው ከአባታቸው ጎን ከነበረበት ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ወጥቶ በጨው ማዕድን ጉድጓድ ተደብቋል፤ ማርቡርግ ቆይቷል፤ በሆሄንትሶለርን ምሽግም ብዙ ዓመት አርፏል። በመጨረሻ የተቀበሩበት ድንጋይ ጠፍጣፋና ተራ ነው፤ ጎብኚዎች የሚያስቀምጡበትም ድንች ነው። ንጉሡ በ1756 ገበሬው ድንች እንዲተክል አዝዘዋል። ገበሬው እንቢ ሲል ማሳውን በወታደር አስጠብቀው «ይህ የሚጠበቅ ነገር ዋጋ ቢኖረው ነው» ብሎ እንዲሰርቀው አደረጉ የሚባለው ግን ተረት ነው፤ ይኸው ተረት ድንችን በፈረንሳይ ስላስለመደው ስለ ፓርማንቲዬም ይነገራል። በዚያ ድንጋይ ላይ የነበሩት ድንቾች አንዳንዶቹ አቆጥቁጠው ነበር። ለታላቁ ፍሬድሪክ ድንች ማምጣት ነውር ነው፤ ለሽማግሌው ፍሪትስ ግን ያምራል።

ሌላም ንጉሣዊ ፍሪትስ ነበር። በ1888 ጀርመንን ለ99 ቀናት ብቻ ገዝተው በጉሮሮ ካንሰር የሞቱት ፍሪድሪሽ 3ኛ፣ አልጋ ወራሽ ሳሉ «የእኛ ፍሪትስ» ይባሉ ነበር። በሩር አካባቢ በስማቸው የተሰየመ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበረ፤ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ሄርነ በምትባለው ከተማ ውስጥ ያለው ሰፈር ዛሬ ድረስ «የእኛ ፍሪትስ» እየተባለ ይጠራል። የሰፈሩ ሰው አድራሻውን ሲናገር ንጉሥ ትዝ ይለዋል ብዬ አልገምትም።

እስከዚህ ድረስ ስሙ የፍቅር ነው። ወደ ሌላው ወገን የተሻገረበትን ድልድይ ያሳዩኝ ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝቻቸው፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ወጣት በየበሩ እያንኳኳ መሆኑን ነገርኳቸው። «አዎ፣ የኢንሹራንስ ፍሪትሰው እኔም ዘንድ መጥቶ ነበር» አሉኝ። ወጣቱ ስሙ ፍሪትስ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ስልክ ላይ እንደነበረው ሰው እሳቸውም ሳቁ። ጀርመንኛ ይህን ስም በሌላ ቃል ጭራ ላይ «ፍሪትሰ» አድርጎ ይቀጥለውና የሰውየውን ሥራ በንቀት ይጠራበታል። ማስታወቂያ ሠሪው የማስታወቂያ ፍሪትሰ፣ ጋዜጠኛው የጋዜጣ ፍሪትሰ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ የኮምፒውተር ፍሪትሰ ይሆናል። ለጠባይም ይሠራል፤ ሲያጉረመርም የሚውል ሰው ፍሪትሰ ነው፣ ሲለፈልፍ የሚውልም እንዲሁ። ሴቶቹ ከዚህ አላመለጡም፤ አልቃሻዋ የሱዛና ቁልምጫ የሆነው ሱዘ ይቀጠልባታል፣ ጎታታዋ ደግሞ የኤልሳቤጥ ቁልምጫ የሆነው ሊዘ። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርብ ምን አለን ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ያገኘሁት «ሰውዬ» የምንለውን ነው። «የኢንሹራንሱ ሠራተኛ መጣ» እና «የኢንሹራንሱ ሰውዬ መጣ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ግን በሩን የመክፈት ፍላጎት እንደሌለን ይታወቃል። ጀርመኖች «ሰውዬ» ከማለት ይልቅ የአንድን እውነተኛ ሰው ስም መርጠው ያንን ሥራ ሰጡት። ለንጉሥ የሆነው ቁልምጫ በሚታወቅ ሰው ላይ ሲሆን ያቀርባል፤ ስሙ በማይታወቅና እንዲታወቅም በማይፈለግ ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ያርቃል።

ይህ ልዩነት የቋንቋ ሊቃውንት ወሬ ብቻ አለመሆኑን ታኅሣሥ 2024 ላይ አገሩ ሁሉ አይቷል። መራሔ መንግሥት ኦላፍ ሾልትስ በፓርላማው የመተማመኛ ድምፅ ባጡበት ዕለት ማምሻውን በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ስለ ተቃዋሚያቸው ስለ ፍሪድሪሽ ሜርትስ ሲናገሩ «ፍሪትሰ ሜርትስ» አሏቸው፤ ሰውየው ዝባዝንኬ ማውራት እንደሚወዱም በሰሜን ጀርመን ቃል ጨመሩበት። ሜርትስ አጠራሩን በግልጽ ተቃወሙ። ሙሉ ስማቸው ፍሪድሪሽ የሆነን ሰው በቁልምጫ መጥራት በሌላ ቀን፣ ከሌላ አፍ ወዳጅነት ሊሆን በቻለ ነበር። እዚህ ግን ተናጋሪው የቁልምጫ መብት የሌለው ባላንጣ ነው፤ መጨረሻው ላይ የታከለችው «ሰ» ደግሞ ሰውየውን ከኢንሹራንስ ሻጩና ከለፍላፊው ጎን አሰልፋቸዋለች። ሜርትስ በግንቦት 2025 የመራሔ መንግሥቱን ወንበር ያዙ፤ እኔ ግን ስማቸውን በዜና በሰማሁ ቁጥር ያቺ «ሰ» ጆሮዬ ላይ ትመጣለች።

በጦርነት ጊዜ ስሙ ከሁሉ የበለጠ ፊቱን አጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ከጉድጓዳቸው ማዶ ያለውን ጀርመናዊ ወታደር ፍሪትስ አሉት፤ ጀርመኖቹም በበኩላቸው እንግሊዛዊውን ቶሚ ይሉት ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ሩሲያዎች ስሙን ወስደው በብዙ ቁጥር ፍሪትሲ አደረጉት፤ ለጀርመኖቹ ሩሲያዊው ሁሉ ኢቫን ነበር። አንድን ሠራዊት በአንድ ሰው ስም መጥራት ሠራዊቱን ሰው ያስመስለዋል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ፍሪትስ ከሆነ፣ የሚተኮስበት ፍሪትስ ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ጎረቤቴ ይህንን ያወቁት ዘግይተው ነው። 18 ዓመት ሲሞላቸው፣ በ1956፣ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ፍራፍሬ ለቀማ ሊሠሩ ለአንድ ወር እንግሊዝ አገር ሄደው ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ መንገድ ላይ ሲያልፉ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች «ፍሪትስ! ፍሪትስ!» እያሉ ይጮኹባቸው ጀመር። እሳቸውም ስማቸውን ማን ነገራቸው ብለው ተገርመው እጃቸውን እያውለበለቡ ሰላምታ ሰጧቸው። ነገሩ የገባቸው ከኋላቸው የሚመጣውን ቮልፍጋንግ የሚባል ጓደኛቸውንም ልጆቹ ፍሪትስ ሲሉት ነው። ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ ግን ታሪኩን ሁልጊዜ የሚጨርሱት እጃቸውን ያውለበለቡበት ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደተሰማቸው ነግረውኝ አያውቁም።

ስሙ የጠላት መጠሪያ በነበረበት በዚያው ክፍለ ዘመን ስማቸው በእርግጥ ፍሪትስ የነበሩ ሰዎች ያደረጉትን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ግን የአማርኛ ግስ አስቸገረኝ። ጀርመንኛ ስለ ሦስተኛ ሰው ሲያወራ ንጉሥንም ሌባንም በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራል። እኔ ግን ለእያንዳንዱ ፍሪትስ «አለ» ልበል «አሉ» የሚለውን መወሰን ግድ ሆነብኝ። ንጉሡና ጎረቤቴ አላስቸገሩኝም። የእግር ኳስ ተጫዋቹ ፍሪትስ ቫልተርም አላስቸገረኝም፤ ኳስ ተጫዋችን አንቱ ማለት ከሜዳ ማስወጣት ነው። በሐምሌ 1954 በርን ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ምዕራብ ጀርመን በምድብ ጨዋታ 8 ለ 3 አሸንፋት የነበረችውን ሃንጋሪን 3 ለ 2 ስትረታ አምበሉ እሱ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ወባ ይዞት ስለነበር ሙቀት ያደክመዋል፤ ዝናብ ሲሆን ግን ይበረታል። የፍጻሜው ዕለት ዘነበ። ከዚያ ወዲህ የጨዋታ ቀን ሲዘንብ ጀርመኖች «የፍሪትስ ቫልተር አየር» ይላሉ፤ ስሙ ከደረሰባቸው ቦታዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ በአንድ ሰው ስም ዝናብን ማቆላመጥ።

ያስቸገረኝ የኬሚስትሪው ሊቅ ፍሪትስ ሀበር ነው። በ1868 በብሬስላው የተወለደው ይህ ሰው ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አሞንያ የሚሆንበትን መንገድ በማግኘቱ የ1918ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ የጎጃም ገበሬ ማሳው ላይ የሚነሰንሰው ዩሪያ መነሻው ይኸው ግኝት ነው። በዚህ አንቱ ይገባዋል። ሆኖም በሚያዝያ 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፐር ላይ የክሎሪን ጋዝ ሲለቀቅ ሥራውን የመራው እሱ ነው፤ ጀርመን በ1917 በዚያው ግንባር መጀመሪያ የተጠቀመችበት የሰናፍጭ ጋዝም ወደ 18 ዓመት ቆይቶ ከጣሊያን አውሮፕላኖች በእኛ አያቶች ላይ ወርዷል። እየጻፍኩ እየሰረዝኩ በመጨረሻ «እሱ» ላይ ቆምኩ። ስሙ የቁልምጫ ሳይሆን ከልደቱ ጀምሮ ፍሪትስ ነበር፤ ሰላም የሚለው ቃል በውስጡ ካሉት ፊደላት ግማሹ ብቻ የቀረለት ስም። ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ በመሆኑ በ1933 አገሩን ለቆ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያም በባዝል ሞተ።

ፍሪትስ ባወርን ግን ያለ ጥርጥር አንቱ እላቸዋለሁ። በ1903 ሽቱትጋርት የተወለዱ አይሁዳዊ የሕግ ሰው ነበሩ፤ ናዚዎች ካሰሯቸው በኋላ ወደ ዴንማርክና ወደ ስዊድን ተሰድደው ቆይተው በ1949 ተመለሱ። የሄሰን ክፍለ አገር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነውም፣ ብዙ ሰው ያለፈው ይረሳ በሚልበት ጊዜ በ1963 የተጀመረውን የፍራንክፈርቱን የአውሽቪትስ የፍርድ ሂደት ለችሎት አበቁ። የአይሁድን ጭፍጨፋ ካደራጁት ናዚዎች አንዱ የሆነው አይሽማን አርጀንቲና እንዳለ የሚጠቁመውን መረጃ ለእስራኤል ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። ሩሲያው ወታደር ፍሪትሲ ሲል ከሚያስበው ሁሉ በተቃራኒ የቆሙት ሰው መዝገብ ላይ የሰፈረ ስማቸው ፍሪትስ ነው።

ልጆች ዘንድ ስሙ አሁንም ንጹሕ ነው። «ፊሸርስ ፍሪትስ ፊሽት ፍሪሸ ፊሸ» የምትለውን ምላስ አሳሪ ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ጀርመናዊ የለም፤ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ፍሪትስ ትኩስ ዓሣ ያጠምዳል ማለት ነው። የቋንቋ መምህሬ ክፍሉን ሁሉ ይህን ስታስደግም፣ ከጎኔ የተቀመጠው ኢትዮጵያዊ ቀስ ብሎ «አበበ በሶ በላ» ብሎኝ ሁለታችንም ከክፍል ልንባረር ነበር። አበበም ለድምፁ ሲባል በሶ ተሰጠው እንጂ ማንም ረሃቡን አልጠየቀውም።

ከሰው ወደ ዕቃ ስለተደረገው ሽግግር ብዙ የሚነገር የለም። የሣጥኑ ሠሪ በ1986 በርሊን ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ነው፤ ሣጥኑን ገበያ ላይ ያዋለው በ2004 ነው። የሐምቡርጉ ኮላ የመጣው በ2003 ነው። ፍሪትስ የተባለ የቼዝ ፕሮግራምም በ2006 ቦን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ቭላዲሚር ክራምኒክን 4 ለ 2 አሸንፏል፤ ክራምኒክ በሁለተኛው ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚመጣበትን ማት የሚባለውን ሽንፈት ሳያይ አልፎ ነበር። ሰው ለልጁ ሊያወጣው ያመነታበትን ስም ነጋዴ ቢያነሣው አይገርምም፤ አጭር ነው፣ ጀርመናዊነቱም አያጠራጥርም። እኔን የሚያስቀኝ አሜሪካውያን የተበላሸ ማሽንን «ኦን ዘ ፍሪትዝ» ነው ማለታቸው ነው። አባባሉ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስለነበረ ከወታደሩ አልመጣም፤ በ1897 ከጀመረው የጋዜጣ የሥዕል ቀልድ፣ ሃንስና ፍሪትስ ከሚባሉት ሁለት ረባሽ ልጆች ነው የሚሉም አሉ፤ የተረጋገጠ ነገር ግን የለም።

ጎረቤቴ የተጠመቁት ፍሪድሪሽ ተብለው ነው፤ በበራቸው ላይ ያለው የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። ፍሪትስ የሚሏቸው ባለቤታቸው ነበሩ፤ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ሾርባ ይዤላቸው ስወርድ «ከእንግዲህ አንተ እንባባል፤ ፍሪትስ በለኝ» አሉ። ጀርመን ውስጥ ይህን መጠየቅ የሚችለው በዕድሜ ትልቁ ነው፤ እንቢ ማለት ደግሞ ማስቀየም ነው። በአንደበቴ እሺ አልኩ፤ ነገር ግን የ87 ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ባዶውን «ፍሪትስ» ማለት አልቻልኩም። ለጥቂት ሳምንታት ስማቸውን ሳልጠራ በ«እንደምን አመሹ» ሾልኬ አለፍኩ። ከዚያ አንድ ቀን «ጋሼ ፍሪትስ» የሚለው ቃል ራሱ ከአፌ አመለጠ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለታላቅ ወንድምና ለተከበረ ሰው የሚባል ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ እንዲህ ከሆነ ከፍሪድሪሽ ይረዝማል እንጂ አያጥርም አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። ፍሪትስ አልሠራ ብሏል አሉ። የትኛው ብዬ ጠየቅኳቸውና ወረድኩ፤ የሣጥኑን ገመድ ነቅዬ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ፣ መልሼ ሰካሁት። መብራቱ እስኪመጣ ቡና አፈሉ።